አደራና አንደበት

በቶሮንቶ የትምህርት ቦርድ ተመራጭ የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባለአደራ» ከማለት የተሻለ ቃል አይገኝለትም። ይህ የአስተርጓሚ ጌጥ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ በምንጩ የሌላውን ሀብት ተረክቦ የሚጠብቅን ሰው ያመለክታል። በእኛ ዘንድ ደግሞ አደራ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከብቱን፣ ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ልጁን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ተቀባዩም የራሱን ቢያጎድል እንጂ የአደራውን አያጎድልም። «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ውርደት ጥቂት ነው። ስለ አደራ ስንነጋገር ግን ዘወትር የምናስበው ስለ ተቀባዩ ግዴታ ነው። ሰጪውስ? ልጁን በሰው እጅ ያኖረ ሰው ካኖረ በኋላ የሚቀርበት ነገር የለምን? ሄዶ «አደራዬ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ብቻ ነው ወይስ ግዴታውም ጭምር?

ይህ ጥያቄ በቶሮንቶ የትምህርት ቦርድ ስብሰባዎች ላይ ከኋላ ተቀምጬ ባዳመጥኩባቸውና ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ በተናገርኩባቸው ምሽቶች ሁሉ አብሮኝ የኖረ ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ይገባል። የቶሮንቶ ዲስትሪክት ስኩል ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 የቀድሞዎቹ የከተማዋ ቦርዶች ተዋሕደው የተመሠረተ፣ 580 ያህል ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድርና በተማሪ ብዛት በካናዳ ትልቁ የሆነ ቦርድ ነው። (ስለ ካናዳ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ በ22 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላ ከእያንዳንዱ አንድ ባለአደራ ስትመርጥ ኖራለች። ባለአደራዎቹ በያንግ ጎዳና ቁጥር 5050 በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ሲሰበሰቡ በጉዳዩ ላይ መናገር የሚፈልግ ወላጅ ወይም ነዋሪ ስሙን አስቀድሞ ያስመዘግባል። ተራው ሲደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጡታል። ጥያቄ ካለ ይጠየቃል፤ ከሌለ «እናመሰግናለን» ተብሎ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ድምፅ አይሰጥም፤ ውሳኔውም የእርሱ አይደለም።

እንግዲህ ከዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢም ሆነ ከስካርቦሮ፣ የሌሊት ፈረቃውን አስለውጦ ወይም ታክሲውን አቁሞ ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሲል ምሽቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ምን ያተርፋል? ብዙ ወገኖቼ ይህን ጠይቀው «ምንም» ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። እኔ በእነርሱ አልፈርድም። ዝምታችን የስንፍና ብቻ አይደለምና። «ዝም አይነቅዝም» ብለው ያስተማሩን አባቶቻችን የመናገርን ዋጋ በራሳቸው ላይ አይተው ነው። ከዚህም ሌላ መምህርን እንደ ወላጅ እንድናከብር ሆነን አድገናል፤ የኔታ በሚያስተምሩበት ጉዳይ ገብቶ መከራከር ነውር ነበር። በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል፤ በአገሩ አንደበተ ርቱዕ የነበረ ሰው እዚህ የሰዋስው ስሕተቱ ከሐሳቡ ቀድሞ እንዲሰማበት አይፈልግም። አክብሮት፣ ጥንቃቄና እፍረት ተባብረው የሠሩት ዝምታ በቀላሉ አይፈርስም።

ነገር ግን ባህላችን የዝምታ ባህል ብቻ ነው ማለት የታሪክ ድህነት ነው። በአገራችን ችሎት ከጥንት ጀምሮ የአንደበት አደባባይ ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በሚካሄደው ሙግት ጠበቃ የማይገዛ ገበሬ ሳይቀር በሕዝብ ፊት ቆሞ ነገሩን በወጉ ያስረዳ፣ መንገደኛውም ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለውም የዚሁ ሕዝብ ተረት ነው። ከዚህ ሙግት ጎን ግን ሌላ ልማድ አብሮ ኖሯል፤ ደጅ ጥናት። ደጅ የሚጠና ሰው መብቱን አይጠይቅም፤ ጌታው እስኪያየው ድረስ ከበር ላይ ይቆማል፤ ቢያየው በቸርነቱ፣ ባያየው በዕድሉ ያሳብባል። ወደ ባዕድ አገር ስንሰደድ ሁለቱንም ልማዶች ይዘን መጥተናል። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ግን ብዙ ጊዜ የምንለብሰው ሁለተኛውን ነው። ርእሰ መምህሩን በትሕትና አነጋግረን፣ ፈገግታቸውን እንደ መልስ ቆጥረን እንመለሳለን።

ያለ መጠየቅ የሚወሰን የትምህርት ጉዳይ ምን እንደሚያስከትል ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሕዝብ የለም። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ባለሙያዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያን ትምህርት ከሥር ጀምሮ የሚለውጥ ጥናት አዘጋጁ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሴክተር ሪቪው» እያለ የሚጠራው ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ጥናቱን የሚመረምር ሰው የገጠሩን ልጅ ያሰበ መልካም ሐሳብም እንደነበረበት ያያል። ነገር ግን መምህሩም ወላጁም በወጉ አልተጠየቁበትም። የካቲት 1966 ዓ.ም. ላይ ይፋ ሲሆን ወላጁ የተረዳው የድኻ ልጅ ከጥቂት ዓመት ትምህርት በኋላ መንገዱ ሊዘጋበት መሆኑን ነበር። መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎችም በራሳቸው ጥያቄ ተነሡ፤ መንግሥት ዕቅዱን ለማገድ ቢገደድም ጊዜው አልፎ ነበር። አብዮቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። የምለው በአዳራሽ ውስጥ ያልተሰማ ወላጅ ኋላ በጎዳና ላይ እንደሚሰማ ነው። በጎዳና የሚሰማ ድምፅ ደግሞ ጥናቱ ውስጥ መልካሙን ከመጥፎው የሚለይበት ጊዜ የለውም።

እዚህ አገር ያለውን አዳራሽ ስመለከት መጀመሪያ ያስገረመኝ ነገር የሚከተለው ነው። በኦንታሪዮ ሕግ የትምህርት ቦርድ ተመራጭን ለመምረጥ የካናዳ ዜግነት ያስፈልጋል። ስደተኛው፣ ጥገኝነት ጠያቂው፣ ቋሚ ነዋሪው ልጁን ያስተምራል፤ ግብሩን ይከፍላል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። ሆኖም ያ ድምፅ የሌለው ሰው በባለአደራዎቹ ፊት ቆሞ መናገር ይችላል። ስለዚህ ለብዙዎቻችን በዚህች አገር የሕዝብ ሕይወት ውስጥ የመጀመሪያው በር የምርጫ ኮሮጆ ሳይሆን አንደበት ነው። ይህን ከማሰብ የደረስኩበት ሐሳብ አለ፤ ለአደራ መጠየቅ የዜግነት ውጤት ሳይሆን የወላጅነት ውጤት ነው። ሰው የአገር አባል ሳይሆን በፊት የልጅ አባት፣ የልጅ እናት ነው። ልጁን የተቀበለ ቦርድም ወላጁ ፓስፖርት እስኪያገኝ ድረስ ተጠያቂነቱን ሊያቆይ አይችልም።

አንዳንድ መብትም አለ፤ ጠያቂ እስኪነሣ ድረስ የሚተኛ። በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው የቤተሰብ ቋንቋ ማስተማሪያ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኋላ የተደነገገው ሕግ የ25 ተማሪዎች ወላጆች በአንድ ቋንቋ ትምህርት እንዲሰጥ ከጠየቁ ቦርዱ ክፍል እንዲከፍት ያስገድዳል። 25! በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሊሰበሰብ የሚችል ቁጥር ነው። ልጆቻችን አማርኛ አልቻሉም ብለን በየማኅበሩ ስናዝን እናመሻለን፤ የሐዘናችንን ያህል ግን ፊርማ አናሰባስብም። ሕጉ ደግሞ ሐዘንን አይቆጥርም፤ ጥያቄን ይቆጥራል።

የአንደበትን አቅም የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ታሪክም አለ። ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ከ1850 ጀምሮ ለጥቁሮች የተለየ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ ነበራት። ሕጉ ተረስቶ መጽሐፍ ውስጥ የተኛ ይመስል ነበር፤ በኤሴክስ አውራጃ ግን በዚህ መልክ የቆየ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹም ነበር። ቀደም ሲል የኢቶቢኮክ ትምህርት ቦርድ አባል የነበሩትና በ1963 የኦንታሪዮ ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነው የተመረጡት ሌነርድ ብራዝዌይት በየካቲት 1964 በምክር ቤቱ ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር ይህን አንቀጽ አነሡ፤ እንዲሰረዝም ጠየቁ። በዚያው ዓመት ተሰረዘ። የመጨረሻው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በ1965 ተዘጋ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ አንቀጽ ለመሰረዝ በትክክለኛው ስፍራ ቆሞ ስሙን የሚጠራው ሰው ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ከ44 ዓመት በኋላ በቶሮንቶ የሆነውን ደግሞ እናስብ። ዶና ሃሮው እና አንጄላ ዊልሰን የተባሉ ሁለት እናቶች አፍሪካን ማዕከል ያደረገ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ለቦርዱ አመለከቱ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጡ የጥናት ሰነዶች አንሥተውት ተቀምጦ ነበር። ጥቁር ተማሪዎች ትምህርታቸውን በብዛት እያቋረጡ መሆኑ ከተማውን ያሳሰበበት ጊዜ ነበር። ጥር 29 ቀን 2008 ባለአደራዎቹ በ11 ድምፅ ለ9 አጸደቁት። የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳልተን መጊንቲ በይፋ ተቃውመውት ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን በመስከረም 2009 በሼፐርድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ በሩን ከፈተ።

ይህን ታሪክ የምጠቅሰው ድል ስለሆነ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዚያ ክርክር ጥቁር ወላጆች በሁለቱም ወገን መቆማቸው ነው። አንዱ ልጁ ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ የሚያገኝበት ትምህርት ቤት ይሻል፤ ሌላው ከ1965 በፊት የነበረው መለያየት በሌላ ስም ተመለሰ ብሎ ይሠጋል። ሁለቱም ከፍቅር የመነጩ ናቸው። እዚህ ላይ የንግግርን ሥነ ምግባር የሚፈትን ጥያቄ ይነሣል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኛ» ሲል ማንን ማለቱ ነው? በየመድረኩ «የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ይህን ይፈልጋል» ሲባል ሰምቻለሁ። ማኅበረሰቡ መቼ ተሰብስቦ እንደ ወሰነ ግን አልሰማሁም። ደጅ ጠኚው ሎሌ በጌታው ስም እንደሚምል ሁሉ፣ ያልወከለውን ሕዝብ በአንደበቱ የሚሸከም ሰውም የሌላውን አፍ መዝጋቱ ነው። በእኔ እምነት በአዳራሹ ውስጥ ከሁሉ የሚጸናው «እኔ የዚህ ልጅ አባት ነኝ፤ ያየሁት ይህ ነው» የሚለው ቃል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ብዙ እንዲህ ያሉ «እኔ»ዎች ሲደመሩ «እኛ» በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ከነልዩነቱም ይመጣል።

ይሁን እንጂ በራስ ልጅ ብቻ መወሰንም በቂ አይደለም። ስለ ራሱ ልጅ ሊናገር የማይችል ወላጅ አለና። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ስሙን አስመዝግቦ በባለሥልጣን ፊት እንዲቆም መጠበቅ በገዛ እግሩ ወደ ወጥመድ እንዲገባ መጠበቅ ነው። በ2006 የኢሚግሬሽን ሠራተኞች በቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች ገብተው ወረቀት የሌላቸውን ቤተሰቦች ልጆች ከያዙ በኋላ ብዙ ሰው ተነሥቶ ጮኸ። የጮኹት በአብዛኛው ወረቀት ያላቸው ነበሩ። በግንቦት 2007 የቶሮንቶ ዲስትሪክት ቦርድ ስለ ተማሪ የኢሚግሬሽን ሁኔታ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚል መመሪያ አጸደቀ። ከዚህ የምማረው አንድ የማመዛዘኛ ደንብ አለ፤ ለሌላው መናገር የሚገባው ሌላው ሊናገር በማይችልበት ቦታ ነው። ሊናገር በሚችልበት ቦታ ግን ወንበሩን መልቀቅ ይገባል። ልጆቹ ራሳቸው እንኳ በቦርዱ ውስጥ የማያጸና ድምፅ ያላቸው የተማሪ ተወካዮች አሏቸው፤ ስለ እነርሱ የምንናገር ወላጆች እነርሱን ጠይቀን መምጣት አይከፋም።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ልጋፈጥ። «ውሳኔው አስቀድሞ ተወስኗል፤ እኛን የሚሰሙን ለወጉ ነው» ይባላል። ይህ ተቃውሞ ሐሰት ነው ብዬ አልጽፍም። በአንድ ስብሰባ ላይ ወላጅ እየተናገረ ከፊቱ ካሉት መካከል የተወሰኑት ወረቀት ሲያገላብጡ አይቻለሁ። ከዚህም የባሰ አለ፤ የተሰማ ቃል እንኳ ሊሻር ይችላል። በኅዳር 2017 ብዙ ተማሪዎችና ወላጆች ከተናገሩ በኋላ ቦርዱ በ18 ድምፅ ለ3 ፖሊሶችን በትምህርት ቤት የሚመድበውን ፕሮግራም አቆመ። በ2025 ግን የኦንታሪዮ ምክር ቤት ቦርዶች ከፖሊስ ጋር ተባብረው እንዲህ ያለውን ፕሮግራም እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ክፍለ ሀገሩ የገንዘብ አያያዝ ጉድለትን ምክንያት አድርጎ የቶሮንቶን ቦርድ በተሿሚ ተቆጣጣሪ ሥር አዋለው፤ ሕዝብ የመረጣቸው ባለአደራዎች የመወሰን ሥልጣናቸውን አጡ። ይህም የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ2002 ቦርዱ የተመጣጠነ በጀት አላጸድቅም ባለ ጊዜ ተመሳሳይ ተቆጣጣሪ ተሾሞበት ነበር። እንግዲህ አዳራሹ ራሱ ከተዘጋ የመናገር ግዴታ የት ይደርሳል?

መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ንግግር የሚመዘነው ሰሚውን በመለወጡ ብቻ አይደለም። አደራ ሰጪ ሄዶ ሲጠይቅ ተቀባዩ «አላወቅሁም ነበር» የሚልበትን መንገድ ይዘጋበታል። በቃለ ጉባኤ የተመዘገበ የአንዲት እናት ቃል ውሳኔውን ባይለውጥ እንኳ የውሳኔውን ስም ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ቢደርስ ስሕተት ሳይሆን እያወቁ የተደረገ ይሆናል። በስሕተትና እያወቁ በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት በሕግም በሕሊናም ዘንድ ትልቅ ነው። ዝም ያለ ወላጅ ይህን ምስክርነት ለባለሥልጣኑ በነፃ ይለግሰዋል። ደግሞም ከ1990ዎቹ ሰነዶች እስከ 2008ቱ ድምፅ ድረስ ያለፈውን ጊዜ የሚቆጥር ሰው፣ በአንዱ ምሽት ከንቱ የመሰለው ቃል በሌላው ምሽት መሠረት ሆኖ እንደሚገኝ ያያል።

ሁለተኛው፣ የአዳራሹ መዘጋት የመናገርን ዋጋ ቢስነት ሳይሆን ዋጋውን ያሳያል። በባለአደራና በተሿሚ ተቆጣጣሪ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ልዩነት ላይሆን ይችላል፤ ተሿሚው ሒሳብን ከተመራጩ አብልጦ ያውቅ ይሆናል። ባለአደራው ቢበድል ግን ወላጁ በወረዳው ሄዶ ይወቅሰዋል፤ በሚቀጥለው ምርጫም ያወርደዋል። ተሿሚው የሚጠየቀው በሾመው ነው። አደራው ከሰጪው እጅ ወጥቶ ለሌላ ተላለፈ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወላጅ የሚናገርበት ስፍራ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። በኦንታሪዮ በ2000 በወጣው ደንብ መሠረት በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ምክር ቤት ሊኖር ይገባል፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተወካይም ቢሮ አለው፤ ሕግ በኮሚቴ ሲታይ የሕዝብ ቃል የሚሰማበት ጊዜም ይኖራል። ብራዝዌይት የተናገሩት በቦርድ አዳራሽ ሳይሆን በዚያው ምክር ቤት ውስጥ እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል።

ይህን ስል ግዴታውን በተናጋሪው ትከሻ ላይ ብቻ መጫኔ እንዳይመስል። አባቶቻችን «አቤት!» ብሎ የሚጮኽን ሰው ንጉሥ እንኳ ሰምቶ እንዳልሰማ ቢያልፈው እንደ ግፍ ይቆጥሩት ነበር። ሰው በቋንቋው እየተደናቀፈ ሲናገር ከስሕተቱ በስተጀርባ ያለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት የሰሚው ሥራ ነው። መስማት ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ የተሰማውን ነገር ይዞ በውሳኔው ውስጥ መልስ መስጠት ነው፤ ባይቀበሉት እንኳ ለምን እንዳልተቀበሉት መናገር ነው። ሰሚው ይህን ሲነፍግ ተናጋሪው ከሸንጎ ወደ ደጅ ጥናት ይመለሳል፤ አዳራሹም የጌታ ግቢ ይሆናል።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስመለስ እንዲህ እላለሁ። አደራ ሰጥቶ መጠየቅ ተቀባዩን መጠርጠር አይደለም፤ አደራው አሁንም የእኔ ነው ማለት ነው። በአገራችን ወግ ከብቱን አደራ የሰጠ ሰው ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ካላየ፣ ከብቱ ቢጠፋ ጎረቤት የሚያዝንለት በግማሽ ልብ ነው። ልጅ ደግሞ ከብት አይደለም። ሲያድግ ያያል፤ ያስባል፤ ማን ስለ እርሱ ተነሥቶ እንደ ተናገረና ማን ዝም እንዳለ ያስታውሳል። በባዕድ ቋንቋ ተደነቃቅፎ የተናገረን አባት ልጁ በልጅነቱ ያፍርበት ይሆናል። ካደገ በኋላ ግን ከሰዋስው ስሕተቱ ይልቅ የአባቱን መነሣት የሚያስብበት ቀን ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ያ ቀን ባይመጣም እንኳ ግዴታው ግዴታ ነው፤ አደራው የተሰጠው ለምስጋና አልነበረምና።